ለጉልበተኛ መኪና ጎማ አመራረጥ፦ ከበሩ ተለጣፊ እስከ መጀመሪያው 500 ማይል

ጃንዋሪ ነው። ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ወጣሁ። አስፋልቱ ደረቅ ነው፤ በረዶ የለም፣ ዝናብ የለም። ፍጥነቴ 25 ማይል አይሞላም። ወደ ግራ ስታጠፍ ግን የመኪናዬ አፍንጫ ቀጥ ብሎ ሄደ። መሪውን ጨመር አድርጌ አዞርኩት። አልሰማኝም። ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ጎማው ያዘና ተረፍኩ።

መኪናዋ የ2016 ጎልፍ ጂቲአይ ናት። ፍሬኗ ደህና ነበር። መሪዋ ደህና ነበር። ጎማዎቹ ሦስት ወር አልሞላቸውም፤ ዋጋቸውም ቀላል አልነበረም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ለሙቀት ወራት የተሠሩ የሰመር ጎማዎች ናቸው፣ ያን ጠዋት ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። የሸጠልኝ ሱቅ መኪናዋን በብርድ ወራት እንደምነዳት አልጠየቀኝም። እኔም ምን መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጓደኞቼም ብዙ ጎማ መርጫለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ምሳሌዬ የራሴ ጎልፍ ናት፤ ለሱባሩም ሆነ ለቢኤምደብሊው መንገዱ ያው ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ጎማ የሚመረጠው መኪናዋ በጣም ደስ በምትልበት ቀን ታስቦ አይደለም። በዓመቱ ውስጥ መንዳት በሚያስፈራበት ቀን ታስቦ ነው።

ደረጃ 1፦ አሮጌውን ጎማ ሳትጥሉ አንብቡት

አዲስ ከማዘዛችሁ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩና የፊቱን ጎማ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ከውጭኛው ጠርዝ እስከ ውስጠኛው። መሃሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቶበት ነበር። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሃሉ ከቀረ ነፋስ አንሶት ነበር። የውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ካለቀ አላይመንቱ፣ ማለትም ጎማዎቹ የቆሙበት አቅጣጫና ዝንባሌ፣ ተበላሽቷል።

ይህ የመጨረሻው ፈጣን መኪኖች ላይ በጣም የተለመደ ነው። በተለይ መኪናው ዝቅ እንዲል ስፕሪንጉ ተቀይሮ ከሆነ። ከውጭ ቆማችሁ ስታዩት ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ከውስጥ በኩል ሽቦው ሊወጣ ደርሷል። በእጅ ዳብሱት የምለው ለዚህ ነው። አላይመንቱ ሳይስተካከል አዲስ ጎማ ብትገጥሙ አዲሱም በዚያው በሽታ ያልቃል።

የጥርሱን ጥልቀትም ለኩ። የአዲስ ጎማ ጥርስ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሕጉ በአውሮፓ ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ይላል። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ 2/32 ኢንች ነው፣ ያው ነው ማለት ይቻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ በዓመታዊው ምርመራ ከዚያ ካነሰ ይጥሏችኋል። እኔ ግን ሕጉን ጠብቁ አልልም። ሩብ ዶላር ሳንቲም ውሰዱ። የዋሽንግተንን ራስ ቁልቁል አድርጋችሁ በጥርሱ መሃል ክተቱት። የፀጉሩ ጫፍ ካልተሸፈነ ጥልቀቱ ከ4/32 ኢንች በታች ወርዷል። ያኔ መፈለግ ጀምሩ። ጥርሱ ሲያንስ ውሃ የሚሸሽበት ቦይ ያንሳል፤ በዝናብ ቀን ዋሽንግተንን በሚዞረው ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ መኪናዋ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች።

ደረጃ 2፦ የበሩን ተለጣፊ እና የጎማውን ጎን አስታርቁ

የሹፌሩን በር ክፈቱ። ምሰሶው ላይ ተለጣፊ አለ። አምራቹ ለዚህች መኪና የፈቀደው የጎማ መጠንና የነፋስ ልክ እዚያ ተጽፏል። አሁን መኪናዋ ላይ ያለውን ጎማ ብቻ አይታችሁ አትዘዙ። ያገለገለ መኪና ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደገጠመ አታውቁም።

የኔ ጎልፍ 225/40 አር 18 ትላለች። 225 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 40 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ ነው፤ 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አር ራዲያል ማለት ነው፤ የጎማው የውስጥ አሠራር ዓይነት ነው። 18 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥርና ፊደል ብዙ ሰው ይዘለዋል። የኔ 92 ዋይ ነው። 92 አንዱ ጎማ 630 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በዚሁ መጠን 88 የተጻፈበት ጎማም ገበያ ላይ አለ። እሱ የሚችለው 560 ኪሎ ነው። መጠኑ አንድ ስለሆነ ቸርኬው ላይ ልክ ይገባል፣ ዋጋውም ሊያንስ ይችላል። ግን አምራቹ 92 ካለ 88 አይገጠምም። 92 የሚችለው ጎማ ጎኑ ላይ ኤክስኤል ወይም ኤክስትራ ሎድ የሚል ታገኛላችሁ።

ፊደሉ የፍጥነት ደረጃ ነው። ኤች በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300። «እኔ መቼ 300 ነድቼ አውቃለሁ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ልክ ነው፣ ማንም አይነዳም። ፊደሉ ግን ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችልም ይናገራል። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ጎን አለው፣ መሪው ሲዞር ቶሎ ይመልሳል። ከአምራቹ ደረጃ ዝቅ አትበሉ።

አንዳንድ መኪኖች ለራሳቸው ተብሎ የተሠራ ጎማ አላቸው። ጎኑ ላይ ኮከብ ካያችሁ ለቢኤምደብሊው ነው፤ ኤምኦ ለመርሴዲስ፣ ኤን እና ቁጥር ለፖርሽ። ፖርሽ ያለው ሰው ይህን ቢጠብቅ ጥሩ ነው። ለተራ ጎልፍ አትጨነቁ።

ደረጃ 3፦ ከሁሉ በፊት የአየሩን ጠባይ ወስኑ

ሰው ሁሉ የሚጀምረው «ሚሽሊን ይሻላል ወይስ ኮንቲኔንታል?» ብሎ ነው። ይህ የኋላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ላስቲኩ በስንት ዲግሪ እንዲሠራ ታስቦ ተቀመመ የሚለው ነው።

የሰመር ጎማ ላስቲክ በሙቀት ለስልሶ አስፋልቱን ይጨብጣል። በደረቅም ሆነ በዝናብ የሚወዳደረው የለም። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም ከ45 ፋራናይት በታች ሲወርድ ግን ይደርቃል። ከዜሮ በታች ሲሆን እንደ ፕላስቲክ ነው። የኔ መኪና ያን ጠዋት በደረቅ መንገድ የተንሸራተተችው ለዚህ ነው። ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የሰመር ጎማ በከባድ ብርድ መንዳት ቀርቶ ከቆመበት ማንቀሳቀስም አይመከርም።

የዊንተር ጎማ ተቃራኒው ነው። በብርድ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። በሙቀት ግን ይልፈሰፈሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ኦል ሲዝን የሚባለው በሁለቱ መሃል ነው። ሁሉንም ይሞክራል፣ በአንዱም አንደኛ አይወጣም። ሆኖም ለፈጣን መኪና የተሠሩት አልትራ ሃይ ፐርፎርማንስ ኦል ሲዝን የሚባሉት ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት በጣም ተሻሽለዋል።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ? የኔን ፍርድ በግልጽ ልናገር። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ላለ፣ አንድ ስብስብ ጎማ ብቻ መግዛት ለሚችልና መኪናዋን በየቀኑ ለሥራ ለሚነዳ ሰው፣ አልትራ ሃይ ፐርፎርማንስ ኦል ሲዝን። ክርክር የለውም። ጋራዥ ወይም ማስቀመጫ ያለው ሰው ሁለት ስብስብ ይያዝ፤ ሰመሩን ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር፣ ዊንተሩን በቀሪው ጊዜ። መጀመሪያ ሁለት ዋጋ ይመስላል። ግን አንዱ ሲሠራ አንዱ ያርፋል፤ ሁለቱም ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። እኔ አሁን የማደርገው ይህንን ነው። ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የቨርጂኒያ የተራራ መንገድ ላይ በሜይ ወር ጠዋት መስኮት ከፍቶ በሰመር ጎማ መንዳት ለኔ ትልቅ ደስታ ነው። የዚያ መንገድ ፍጥነት 35 ማይል ነው፤ ጥሩ ጎማ በዚያ ፍጥነትም ይታወቃል።

ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ ያላችሁ ሁለት ስብስብ ያዙ። ስዊድን ውስጥ መንገዱ በረዶ ወይም ግግር ካለበት ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 የዊንተር ጎማ ግዴታ ነው። ጀርመን ውስጥም በበረዶና በግግር መንገድ ላይ ግዴታ ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ እዚያ የሚታወቀው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለው ጎማ ብቻ ነው። ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ እሱ የጥርሱን ቅርጽ እንጂ በበረዶ ላይ የተደረገ ፈተናን አያመለክትም። ዱባይና ሪያድ ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሰመር ጎማ። እናንተ የምትጠነቀቁት ፀሐይ ላስቲኩን ቶሎ ስለምታስረጀው ነው።

ደረጃ 4፦ «ሰፋ ያለ ይሻላል» ከሚል ምክር ተጠንቀቁ

225 ያለውን በ245 ቀይሬ ልግጠም የሚል ሰው በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ስሌቱን አብረን እንሥራ። 225/40 አር 18 ጠቅላላ ቁመቱ 637 ሚሊ ሜትር ነው። 245/40 አር 18 ግን 653 ነው። ልዩነቱ 2.5 በመቶ ነው። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል እናንተ 61 ተኩል ላይ ናችሁ። ጎማው ስታጠፉ የፕላስቲክ ሽፋኑን ሊነካም ይችላል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ቸርኬው ነው። የኔ ጎልፍ የፋብሪካ ቸርኬ ስፋቱ 7.5 ኢንች ነው። 245/40 የሚፈልገው ቢያንስ 8 ኢንች ነው። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲገባ ጎኑ ያብጣል። መሪውን ስታዞሩ መጀመሪያ ጎማው ይተጣጠፋል፣ ከዚያ ነው መኪናው የሚከተለው። ጭበጣ ፈልጋችሁ ገዝታችሁ ስሜቱን አጣችሁ ማለት ነው። ሰፊ ጎማ በዝናብም ውሃው ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል።

ተቃራኒውን መንገድ እኔ እወዳለሁ። ለዊንተር ስብስቤ 225/45 አር 17 ገዛሁ። ጠቅላላ ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ18ቱ ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ በመቶ አይሞላም። የጎኑ ቁመት ግን ከ90 ወደ 101 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ። ከበረዶ በኋላ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሲሆን ይህ 11 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ያተርፋል። ጎማውም በዋጋ ይረክሳል። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ትንሹ ቸርኬ በፍሬኑ ላይ ማለፉን አረጋግጡ፤ ትልቅ ፍሬን ያለው መኪና ላይ ላያልፍ ይችላል።

ደረጃ 5፦ አሁን ስም ምረጡ

የአየር ጠባዩና መጠኑ ከተወሰነ ዝርዝሩ አጭር ይሆናል። ከሰመር ጎማ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ እና ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ስፖርት 02 ብዙ ጊዜ አብረው ይነሳሉ። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ ስፖርትም አለ። ከኦል ሲዝን ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 እና ኮንቲኔንታል ዲደብሊውኤስ 06 ፕላስ አሉ።

እዚህ ላይ ትሬድዌር የሚባለውን ቁጥር ታያላችሁ። ፓይለት ስፖርት 4ኤስ 300 ነው፤ ኦል ሲዝን 4 ደግሞ 540። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ረጅም ዕድሜ አለው፣ ዝቅ ሲል ለስላሳና ጨባጭ ነው። 200 የሚል ካያችሁ ለውድድር ሜዳ የቀረበ ነው፤ ለሥራ መመላለሻ አይሆንም። ፈተናው የሚካሄደው ቴክሳስ ውስጥ በ7,200 ማይል ጉዞ ነው። ደረጃውን የሚሰጠው ግን አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ የአንድ ኩባንያን ሁለት ጎማዎች ለማወዳደር ይጠቅማል። የሁለት ኩባንያዎችን ጎማ በዚህ ቁጥር አታወዳድሩ።

ከቁጥሩ ይልቅ የእርጥብ መንገድ ፍሬን ፈተና ፈልጉ። ታየር ራክ የተባለው ጎማ ሻጭ በአሜሪካ፣ አዳክ የተባለው የመኪና ማኅበር በጀርመን ጎማዎችን ጎን ለጎን ይፈትናሉ። በደረቅ መንገድ በጥሩ ጎማዎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። በዝናብ ግን ይሰፋል።

ስለ ዲደብሊውኤስ ጎማ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ሦስቱ ፊደላት ጥርሱ ላይ ተቀርጸዋል፤ ደረቅ፣ እርጥብ እና በረዶ ማለት ናቸው። ጎማው ሲያልቅ መጀመሪያ የበረዶው ፊደል ይጠፋል፣ ከዚያ የዝናቡ። ማንኛውም ሰው ያለ መለኪያ አይቶ ይረዳዋል።

ደረጃ 6፦ ሁለት ወይስ አራት?

አራቱ ባንድ ላይ ቢቀየሩ ይመረጣል። በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ላይ፣ ለምሳሌ ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ፣ ይህ ምርጫ አይደለም። የጎማዎቹ ዙሪያ ልዩነት ካለው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍለው የመሃሉ ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ይበላሻል። ሱባሩ የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት ሩብ ኢንች ብቻ ነው። አንድ ጎማ ተበላሽቶ ሦስቱ ገና ደህና ከሆኑ አዲሱን ጎማ ጥርሱን ልጠው ከሌሎቹ ጋር የሚያስተካክሉ ሱቆች አሉ። ጠይቁ።

በሁለት እግር ብቻ ለሚነዳና ሁለት ብቻ ለምትገዙ፣ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። መኪናው በፊት እግሩ ቢነዳም እንኳ። ሰው ይህን አያምነኝም። ፊት ሲንሸራተት መሪውና የነዳጁ ፔዳል ይታዘዙላችኋል። ኋላ በውሃ ላይ ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል፣ የሚመልሰውም ሰው ጥቂት ነው። ሰመርና ኦል ሲዝን ቀላቅሎ መግጠም ፈጽሞ አይሞከር።

ደረጃ 7፦ ሱቁ ውስጥ

አገር ቤት ሳለን ጎሚስታ ጎማውን ከፍቶ፣ ጠግኖ፣ ነፋስ ሞልቶ ሲመልስ ቆመን እናይ ነበር። እዚህም ቆማችሁ እዩ። የሚከለክላችሁ ካለ ሌላ ቦታ ሂዱ።

መጀመሪያ የተሠራበትን ቀን አንብቡ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ አራት ቁጥሮች አሉ። 2324 ማለት በ2024 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ «አዲስ» ተብሎ የቀረበልኝ ጎማ አራት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ነበር። መለስኩት። ቁጥሩ አንዳንዴ በውስጠኛው ጎን ብቻ ይጻፋል፤ ስለዚህ ከመገጠሙ በፊት እዩ። ያገለገለ ጎማ ለፈጣን መኪና አልመክርም፤ ውስጡ ምን እንደደረሰበት ከውጭ አይታይም።

ዋጋ ስትጠይቁ ሁሉም ነገር ይካተት በሉ፦ መግጠሚያ፣ ባላንስ፣ ቫልቭ፣ የአሮጌው ማስወገጃ።

ሲገጠም አቅጣጫውን ተመልከቱ። ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ጎማው ወደዚያ ይዞራል። አውትሳይድ የሚል ካለ ያ ጽሑፍ ወደ ውጭ ይታይ። ተገልብጦ የተገጠመ ጎማ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

ቡሎኑን በአየር መፍቻ ብቻ አጥብቀው እንዳይተዉት። የመጨረሻው ማጥበቅ ልኩን በሚለካ ቁልፍ ይሁን። ለጎልፍ 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ የናንተን ከመኪናው መጽሐፍ እዩ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ቡሎን መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳባችሁ አይፈታም።

ከዚያ አላይመንት። በተለይ በደረጃ 1 የውስጠኛው ጠርዝ አልቆ ካገኛችሁት በዚያው ቀን አሠሩ። የተለካው ወረቀት ታትሞ ይሰጣችሁ፤ ከቀይ ወደ አረንጓዴ መግባቱን ዓይታችሁ ውጡ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ 500 ማይሎች

አዲስ ጎማ ፊቱ ያንሸራትታል። ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የቀረ ቅባት ነገር አለበት። እስኪነሳ ድረስ በኃይል አትጠምዝዙ፣ ፍሬን በድንገት አትርገጡ፣ በዝናብ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ።

ከ50 ማይል በኋላ ቡሎኑን እንደገና አስለኩ። ብዙ ሱቆች በነፃ ያደርጉታል።

ነፋሱን ጠዋት ሳትነዱ ለኩ፤ የበሩ ተለጣፊ የሚለው ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር የመሙያ ልክ አይደለም፤ የጎማው ጣሪያ ነው። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት ሲወርድ ነፋሱ በ1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። በሴፕቴምበር 80 ፋራናይት ላይ የሞላችሁት ጎማ በጃንዋሪ 30 ፋራናይት ጠዋት 5 ፒኤስአይ አጥቷል። የማስጠንቀቂያ መብራቱን አትጠብቁ። ትንሽ መለኪያ ገዝታችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ፣ በወር አንዴ ነዳጅ ለመቅዳት ስትወጡ ከመነሳታችሁ በፊት አራቱንም ለኩ።